ከራስ ኤል ፊል እስከ ሽንፋ፦ በጥናቱ ላይ የማን ስም ተጻፈ?

መተማ ሲነሳ ለብዙ ሰው የሚታየው መጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ሜዳ። ከዚያ ወዲህ ስሙ የሚጠራው በሰሊጥ፣ በጥጥ፣ በኬላና በስደተኛ ነው። መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ይህ ቆላ ፈጽሞ በሌላ ምክንያት የዓለም ዜና ሆነ። «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት በሽንፋ ወንዝ ዳር ስለተገኘ አንድ የጥንት ሰፈር ረጅም ጥናት አወጣ። ሰፈሩ የተሰጠው ስም «ሽንፋ-መተማ 1» ነው።

ግኝቱን ባጭሩ ለማስታወስ ያህል፦ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች በወንዙ ዳር ሰፍረው ነበር። የዱር እንስሳ ያድናሉ፣ የሰጎን እንቁላል ይሰበስባሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ዓሣ ይበላሉ። ሽንፋ በበጋ የሚቆራረጥ ወንዝ ነው። ውኃው እየቀነሰ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ዓሣው እዚያው ይታጠራል፤ እነዚያ ሰዎችም ኩሬውን እየተከተሉ ይበሉ እንደነበር ከአጥንቱ ብዛት ተገምቷል። በአፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የመስታወት ቅንጣቶች ተገኙ። እነዚህ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴት፣ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በነፋስ የመጣ አመድ ናቸው። የሰፈሩ ዘመን የታወቀውም በእነሱ ነው። ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶችም ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎቹ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ።

ስለ ቶባና ስለ ቀስቱ ብዙ ተብሏል። ትንሽ የተባለው ስለ ጥናቱ የመጀመሪያ መስመር ነው፤ ከርዕሱ ሥር ስላለው የስም ዝርዝር። ዝርዝሩ ከ60 በላይ ሰዎችን ይዟል። መሪው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን ነው። ከስሞቹ መካከል ሙሉጌታ ፍስሐ፣ አበበ ጌታሁን፣ አጋዚ ነጋሽና ሌሎችም ኢትዮጵያውያን አሉ። ለተራ አንባቢ አሰልቺ የሆነ ዝርዝር ነው፤ ዓይኑ ዘሎት ያልፋል። በዚህ ቆላ ላይ ለተጻፈው ታሪክ ግን ይህ የስም ዝርዝር ከቀስቱ ያልተናነሰ ዜና ነው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ 250 ዓመት ወደኋላ ሄዶ በዚሁ አካባቢ ያለፈን አንድ ሰው መከተል ያስፈልጋል።

ሰውየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው፤ ጎንደሬዎች ያዕቆብ ያሉት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1769 በምፅዋ ገባ፣ ጎንደር ደረሰ፣ በቤተ መንግሥት ተወደደ። አፄ ተክለ ሃይማኖት ራስ ኤል ፊልን ሾሙት። ራስ ኤል ፊል (በአረብኛ «የዝሆን ራስ») ያኔ ለዛሬው የመተማ ቆላ የተሰጠ ስም ነበር። እንግዲህ ብሩስ ለዚህ ምድር ተጓዥ ብቻ ሳይሆን፣ በስም ደረጃም ቢሆን፣ ገዥው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ስናር ሲወርድም ያለፈው በዚሁ ነው። አገሩ ገብቶ፣ ዓመታት አሳልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 አምስት ትላልቅ ጥራዞች አሳተመ።

ብሩስ ብቻውን አልመጣም። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ ዕፅዋትን ይሥላል፣ የመንገድ ማስታወሻ ይይዛል፣ የየቀኑን የአየር ሁኔታ ይመዘግባል። ዛሬ «የመስክ ሥራ» የሚባለውን አብዛኛውን የሠራው እሱ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1771 ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ።

በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ ግን ባሉጋኒ ኢትዮጵያ እንደገባ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ቆሞ የምንጩን ውኃ ለንጉሡ ጤና ሲጠጣ፣ በመጽሐፉ መሠረት፣ ከአጠገቡ ሌላ አውሮፓዊ የለም። ሥዕሎቹም የብሩስ ናቸው። ይህ ለ15 ዓመታት እንደ እውነት ተነበበ። ብሩስ ከሞተ በኋላ አሌክሳንደር ማሪ የተባለ የቋንቋ ሊቅ ለሁለተኛው እትም የሟቹን ወረቀቶች ሲያገላብጥ በጣልያንኛ የተጻፉ የባሉጋኒን ማስታወሻዎች አገኘ። «ሞቷል» የተባለው ሰው ወደ ግሽ በተደረገው ጉዞ ላይ ነበር፤ የመንገዱን ነገር በእጁ ጽፎታል። እትሙ እ.ኤ.አ. በ1805 ሲወጣ ነገሩ ታወቀ። የዕፅዋቱ ሥዕሎች በገዛ ሠዓሊያቸው ስም መጽሐፍ ሆነው እስኪወጡ ግን እስከ 1991 መጠበቅ ነበረበት። ከሞቱ 220 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። ለንደን ውስጥ ብሩስ ውሸታም ተብሎ ተሳልቆበታል። የተሳለቁበት ግን ጥሬ ሥጋ ይበላል ስላለና በሕይወት ካለ በሬ ሥጋ ሲቆረጥ አየሁ ስላለ ነው። እውነቱን ሲናገር አላመኑትም፤ የባልደረባውን ድርሻ ሲውጥ አንድም ሰው አልጠየቀውም። ግሽን ከእሱ 150 ዓመት ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ያየውን ጴድሮ ፓኤዝንም «አልደረሰም» ብሎ ሊያስተባብል ብዙ ገጽ አጥፍቷል። የቀደመውን መካድና አብሮ የሠራውን ማስቀረት ለአንድ ዓላማ የዋሉ ሁለት መንገዶች ናቸው፤ በሽፋኑ ላይ አንድ ስም ብቻ እንዲቀር።

ከባሉጋኒም በታች ያሉ አሉ፤ የቆላው ሰዎች። ብሩስ በራስ ኤል ፊል ሆር ካካሙት በተባለ ቦታ በተቅማጥ ታሞ ሊሞት ነበር። ያዳነው ምክትሉ የነበረው ያሲን ነው፤ በአካባቢው በብዛት የሚበቅል የአንድ ቁጥቋጦ ሥር ፈጭቶ ሰጠው። አገሬው ዋጊኖስ ይለዋል። ያሲንም ቢሆን አጠቃቀሙን የተማረው ከቆላው ነባር ሕዝብ ነው፤ ብሩስ ራሱ እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ በዚያ ዘመን ደጋው ይጠራቸው በነበረው የንቀት ስም ቢሆንም። ፍሬውን ይዞ ሄደ። ዕፁ በሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1779 ስም ወጣለት፤ ብሩሲያ አንቲዲሴንተሪካ። «የብሩስ፣ የተቅማጥ መድኃኒት» እንደማለት ነው። ያሲን ባይነግረው ኖሮ ብሩስ ራስ ኤል ፊል ላይ ተቀብሮ በቀረ ነበር። በስሙ ላይ ግን ያሲንም ሆነ ያስተማሩት ሰዎች የሉም።

ይህ የድሮ ነገር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፣ ታሪኩ አላለቀምና። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካውያን ኬሚስቶች ከዚሁ ዕፅ አንድ ንጥረ ነገር አወጡ፤ የደም ካንሰርን በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ሲቋቋም ታየ። ስሙን ብሩሲያንቲን አሉት፤ ስሙ አሁንም ከብሩስ ጋር ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰው ላይ ተሞክሮ ውጤት ስላላስገኘ ተተወ። ቢሳካስ ኖሮ? ባለመብቱ ማን ይሆን ነበር? ያኔ መልስ የሚሰጥ ሕግ አልነበረም። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482ን ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ በአዋጁ መሠረት የማኅበረሰቡን ዕውቀት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ማስፈቀድና ከጥቅሙ ማካፈል አለበት።

ከዕፅ ወደ አጥንት ሲኬድ ታሪኩ ከመተማ ወደ አፋር ይሻገራል፤ በሽንፋ ላይ የሚሠራው የቅሪተ አካል ደንብ የተወለደው እዚያ ነውና። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ድንቅነሽ ተገኘች። ከእርሷ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት እዚያው ሐዳር ላይ የጥንት ሰው መንጋጋ ያገኘው አለማየሁ አስፋው ነው፤ ጉዞውን እንዲቆጣጠር ከመንግሥት የተመደበ ሰው። ከአራት ዓመት በኋላ አዲሱ ዝርያ አውስትራሎፒቲከስ አፋረንሲስ ተብሎ ሲሰየም በጽሑፉ ላይ ሦስት ስሞች ነበሩ፤ ጆሃንሰን፣ ዋይትና ኮፐንስ። ኢትዮጵያዊ የለም። ዝርያው በአፋር ስም ቢጠራም ስሙን የተሸከመው ዋናው ናሙና ከኢትዮጵያ አልነበረም፤ ከታንዛኒያ ከላቶሊ የተገኘ መንጋጋ ነው። መንጋጋው የሜሪ ሊኪ ቡድን ግኝት ነበር። ሊኪ በስያሜው አልተስማማችም፤ ስሟ ከደራሲዎቹ መካከል እንዲሰረዝ ጠየቀች፣ ተሰረዘም።

ይህ የሊኪ እርምጃ ዛሬም ለተማሪዎች ሊነገር የሚገባው ነው። ስምን ማስገባት ክብር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የማያምኑበት ጽሑፍ ላይ ስምን ማንሳት ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ በዓለም ዝነኛ የሆነ ግኝት ውስጥ ድርሻ አለኝ ማለትን መተው ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ዕድገት በወረቀት ቁጥር በሚለካበት በዚህ ዘመን፣ ያልሠሩበት ጥናት ላይ «ስሜን አክሉልኝ» የሚል ሰው ይበዛል እንጂ «ስሜን አውጡልኝ» የሚል አይበዛም። የመምሪያ ኃላፊ ስለሆነ፣ መኪና ስለፈቀደ፣ ደብዳቤ ላይ ስለፈረመ ደራሲ የሚሆን አለ። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ1978 ቫንኩቨር ላይ ተሰባስበው የጀመሩት፣ በኋላም በብዙ ዘርፍ የተወረሰው ደንብ ይህን አይቀበልም። ደራሲ ለመባል በሐሳቡ ወይም በመረጃው ላይ ከባድ ድርሻ ማበርከት፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለስህተቱም ተጠያቂ መሆን ያስፈልጋል። አራቱም በአንድነት። የቀረው ሰው ቦታው «ምስጋና» በሚለው ክፍል ነው።

ወደ አጥንቱ ጉዳይ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1982 የኢትዮጵያ መንግሥት የውጭ ተመራማሪዎች የቅሪተ አካል ፍለጋ እንዲቆም አደረገ። በውጭ ቡድኖች መካከል የነበረው ሽኩቻና የኢትዮጵያውያን ድርሻ ጉዳይ ተደራርቦ ነበር። እገዳው እስከ አሥር ዓመቱ መጨረሻ ቆየ። ብዙ የውጭ ሰዎች ያን ጊዜ የባከነ ይሉታል። ሌላው ገጽታ ግን አለ፦ በእነዚያ ዓመታት ብርሃኔ አስፋው በበርክሌይ ትምህርቱን ጨርሶ ተመለሰ፤ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም የቅሪተ አካል ቤተ ሙከራው ሥራ ጀመረ። ፍለጋው ሲከፈት ኢትዮጵያዊው ከመንግሥት የተላከ ተቆጣጣሪ ብቻ አልነበረም። ሌላ አዲስ ዝርያ፣ አውስትራሎፒቲከስ ጋርሂ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲታወጅ የመጀመሪያው ስም የብርሃኔ አስፋው ነበር። ከአፋረንሲስ ስያሜ እስከዚህ 21 ዓመት ፈጅቷል። ያለ እገዳው በዚህ ፍጥነት ይመጣ ነበር ብሎ የሚከራከር ካለ ማስረጃውን ማምጣት ያለበት እሱ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ያለ ፈቃድ መፈለግንም መቆፈርንም ከለከለ፤ የተገኘውም የአገር ቅርስ ሆነ።

የሽንፋ ቡድን የገባው በዚህ ደንብ ሥር ነው። ካፕልማን ለሰሜን ምዕራብ እንግዳ አልነበረም። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጭልጋ 27 ሚሊዮን ዓመት ስለሆናቸው የእንስሳት ቅሪቶች እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናት የእሱ ቡድን ነው፤ ሙሉጌታ ፍስሐም በዚያ ላይ ደራሲ ነበር። የሽንፋው ሰፈር መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከመታወቁ እስከ መታተሙ 22 ዓመት! ለዜና አሳዳጅ ዘመን ይህ ስንፍና ይመስላል። በመካከሉ ግን አፈሩ በወንፊት ተነፍቷል፣ ወደ 16,000 የሚጠጋ የድንጋይ ስባሪ ተቆጥሯል፣ የአጥቢ እንስሳት ጥርስና የሰጎን እንቁላል ቅርፊት በኬሚስትሪ ተመርምሯል፣ ከፀጉር የቀጠነ የእሳተ ገሞራ መስታወት ተለቅሟል። የዓሣውን አጥንት ለማወቅ የዓሣ ሊቅ፣ ለአመዱ የአመድ ሊቅ ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ከ60 ያለፈው ለዚህ ነው፤ በስጦታ አይደለም።

ካፕልማን በኢትዮጵያ የሚታወቅበት ሌላም ታሪክ አለ፣ ያን ያህል ሰላማዊ ያልሆነ። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ2007 ለኤግዚቢሽን ወደ አሜሪካ ስትሄድ ብርቱ ተቃውሞ ተነሳ፤ የማትተካ አጥንት ለትርኢት አትጓዝም ተባለ። ስሚዝሶኒያን ሙዚየምም አላስተናግድም አለ። በዚያ ቆይታዋ በ2008 ኦስቲን ላይ ለአሥር ቀን በራጅ መሣሪያ ተነሳች። ከዚያ የወጣው የ2016 ጥናት ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ሞተች የሚል ነበር። ጆሃንሰን ራሱ አልተቀበለውም፤ እንዲህ ዓይነት ስብራት በሌሎች ቅሪተ አካላትም ላይ ይታያል አለ። የካፕልማን ቡድን ግን አንድ ጥሩ ነገር አደረገ። የትከሻዋንና የጉልበቷን አጥንት ባለ ሦስት ገጽታ ፋይል፣ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ፈቃድ፣ ማንም አውርዶ እንዲያትም ለቀቀ። የማታምን ከሆነ አትመህ እይ፣ እንደማለት ነው። መደምደሚያው ትክክል ይሁን አይሁን፣ ተቺው የሚተችበትን ነገር በእጁ መስጠት ከብሩስ ዘመን የተሻለ ሥነ ምግባር ነው፤ የባሉጋኒ ማስታወሻ እኮ በብሩስ ሣጥን ውስጥ ነበር።

በሽንፋው ጽሑፍ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባ ሌላ ቃል አለ። ስለ ቀስቱ ሲጽፉ ደራሲዎቹ «ሳይሆን አይቀርም» ነው ያሉት። ከዚያ ሾልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲደርስ «ሳይሆን አይቀርም» የሚለው ይወድቅና «ቀስት የተፈለሰፈው ሽንፋ ነው» የሚለው ይቀራል። ከሽንፋ ብዙም የማይርቅ ዕድሜ ያላቸው፣ ለቀስት ወይም ለወርዋሪ መሣሪያ የሚሆኑ ትናንሽ ስለቶች በደቡብ አፍሪካም ተገኝተዋል፤ ፒናክል ፖይንት ላይ ያሉት 71,000 ዓመት ገደማ ናቸው። የዚያ ጥናት ባለቤት ከርቲስ ማሪያን በሽንፋውም ጽሑፍ ከደራሲዎቹ አንዱ ነው። ለአገር ክብር ብሎ የሰውን ጥርጣሬ ማጥፋትም መረጃ ማጋነን ነው፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፈረንጁ ሳይሆን እኛው ነን።

ታዲያ ከብሩስ እስከ ካፕልማን ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ? አልተስተካከለም። የመሪው ስም፣ ገንዘቡ፣ ትልቁ መሣሪያና የመጽሔቱ ቋንቋ አሁንም ከባሕር ማዶ ናቸው። የሽንፋ ነዋሪ ስለ ሽንፋ የተጻፈውን ለማንበብ እንግሊዝኛ ማወቅ አለበት፤ ያውም የጂኦኬሚስትሪ እንግሊዝኛ። የመስክ ሥራውም በሰላም ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከድንበሩ ማዶ ሱዳን በጦርነት ላይ ናት፤ ስደተኛው በመተማ በኩል ገባ። በዚያው ዓመት በአማራ ክልልም ግጭት ተነሳ፤ መንገዱ ተመራማሪ ቀርቶ ነጋዴም የሚሰጋበት ሆነ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የወንዝ ዳር ቅርስ ጠባቂ የሚሆነው አዋጁ ሳይሆን የአካባቢው ሰው ነው።

የቫንኩቨሩ ደንብ ለዚህ ሰው ምንም የለውም። በሚያዝያ የትኛው ኩሬ እንደማይደርቅ፣ ዓሣው የት እንደሚታጠር፣ ጎርፉ በየትኛው ዳር አፈሩን እንደሚያጥብ የሚያውቅ የቆላ ሰው ጽሑፍ አልጻፈም፤ የመጨረሻውን ቅጂም አላጸደቀም። በአራቱ መመዘኛ ሲታይ ደራሲ አይደለም። ያሲንም አልነበረም።